መሬት ይዟል?

ግራዝማች ሞላ ማንበብ ይችላሉ የሚለውን ወሬ ያስወራው ሌላ ሰው አይደለም፤ ራሳቸው ናቸው። ደብዳቤ ሲመጣላቸው መነጽራቸውን ከደረት ኪሳቸው ያወጣሉ፣ በመሐረብ ይጠርጋሉ፣ ወረቀቱን ራቅ አድርገው ይይዙና ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። ከዚያ «ገብቶኛል» ይላሉ። ምን እንደገባቸው የሚታወቀው ጥፋቱ ከደረሰ በኋላ ነው። ቆቦ የመብራት ማኅበር ያቋቋመች ጊዜ ሊቀ መንበር አድርጋ የመረጠችው እንግዲህ እኚህን ሰው ነው። ሆቴል አላቸው፣ ማዕረግ አላቸው፣ ድምፃቸውም ወፍራም ነው። አገሩ ከዚህ በላይ አይጠይቅም።

ይህን ሁሉ የሚለው አራጌ ነው። አራጌ የማኅበሩ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ድሬዳዋ ፋብሪካ ውስጥ ዘጠኝ ዓመት ሠርቶ፣ ከምሰሶ ወድቆ ጉልበቱን ሰብሮ፣ እያነከሰ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው። እግሩ ቢያነክስም ምላሱ አታነክስም። በእሱ ዓይን ቆቦ ውስጥ ሰው የሚባል ሁለት ብቻ ነው፤ አንዱ እሱ ራሱ፣ ሁለተኛው በድረዲን። በድረዲንንም ቢሆን የሚጨምረው ደስ ባለው ቀን ነው።

በድረዲን ምሰሶ ወጪው ነው። የዋጃ ልጅ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ፤ አባቱ የሰው መሬት ሲያርሱ ኖረው የሰው መሬት ላይ የሞቱ። አራጌ ከወደቀ ወዲህ ምሰሶ መውጣት ስለማይችል እሱ ከታች ሆኖ ያሰናዳል፣ በድረዲን ከላይ ሆኖ ይሠራል። በመካከላቸው አንድ ሕግ አለ። ሰው ሽቦ ሊነካ ሲል ለከተማው መብራት የሚሰጠው ሞተር ይጠፋል፤ ግን ጠፍቷል ተብሎ አይታመንም፣ አንዱ ሞኝ ሳያውቅ ቢያስነሳውስ? ስለዚህ ወፍራም የመዳብ ገመድ ይመጣና አንዱ ጫፍ ሽቦው ላይ፣ ሌላው ጫፍ መሬት ውስጥ በተቀበረ ብረት ላይ ይቆነጠጣል። ድንገት ኮረንቲ ቢመጣ በገመዱ አድርጎ መሬት ይገባል፤ ሰውየው ይተርፋል። መሬት ማስያዝ ይሉታል። በድረዲን እግሩን ምሰሶ ላይ ከማንሣቱ በፊት ሁልጊዜ «መሬት ይዟል?» ብሎ ይጠይቃል። አራጌ መቆንጠጫውን በእጁ ወዝውዞ ካየ በኋላ «እንደ ባላባት!» ብሎ ይመልሳል። አንድ ጥማድ መሬት ኖሯቸው ለማያውቁ ሁለት ሰዎች ይህ ቀልድ አራት ዓመት ሙሉ አላረጀም።

ስድሳ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ወር ነበር። የራያ ቆላ ማሽላ ሳያፈራ ደርቆ የቀረበት ዓመት። ከዋጃም ከሮቢትም ሕዝቡ ልጁን አዝሎ፣ ሽማግሌውን ደግፎ፣ መንገድ መንገዱን ይዞ መጣና ከተማው ጫፍ ላይ ባለው አሮጌ የጥጥ መጋዘን ውስጥ ተከማቸ። መጠለያ ተባለ። በየማለዳው ከዚያ ቃሬዛ ይወጣል። ሹሞቹ ክረምቱን ሙሉ ሲጠየቁ ትንሽ የዝናብ እጥረት ነው እያሉ ከርመው፣ ወሬው ባሕር ከተሻገረ በኋላ፣ ሐሙስ ዕለት ከአዲስ አበባ ትልልቅ እንግዶች፣ ከእነሱም ጋር ካሜራ የያዙ ፈረንጆች ይመጣሉ ተባለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

እሑድ ከቀትር በኋላ ግራዝማች ሞላ ሁለቱን ሠራተኞች ሆቴላቸው በረንዳ ላይ አስጠሩ።

«መጠለያው መብራት ይግባለት» አሉ። «ሐሙስ ሽቦ ሲዘረጋ፣ አምፖል ሲሰቀል ማየት እፈልጋለሁ።»

«የሚበላ ነገር ቢገባለት አይሻልም ግራዝማች?» አለ አራጌ።

«እሱ የእኛ ማኅበር ሥራ አይደለም። የእኛ ሥራ መብራት ነው።» ወደ በድረዲን ዞሩ። «ለአንተ አንድ ኩንታል ስንዴ አዝዣለሁ። ሥራው ሲያልቅ።»

ስንዴ ሲባል በድረዲን ቀና አለ። ሚስቱ ራቢዓ አራስ ነበረች፤ ጡቷ ደርቋል። አራጌ የጓደኛውን ፊት አየ። ስንዴው የእርዳታ ስንዴ ነው፤ ከመጠለያው ሰው አፍ ተነጥቆ የመጠለያው መብራት ዋጋ ሊሆን ነው። ይህን ያህል ነውር ፊታቸው ሳይቀላ የሚናገሩ ሰው እንዴት ደህና እንቅልፍ ይተኛሉ እያለ ወደ ሞተር ቤት ሄደ።

ሞተር ቤት ገብቶ የመሬት ገመዱን ሲፈልግ ያገኘው ከአሞሌ ጨው ሥር ነው። ግራዝማች ከአፋር የመጣ ጨው ዋጋው እስኪወጣ ድረስ በማኅበሩ ሞተር ቤት ከምረውት ነበር፤ ገመዱም ክረምቱን ሙሉ ጨው ተጭኖት ከርሟል። ከላይ ሲያዩት ላስቲኩ ጥቁር፣ ወፍራም፣ ምንም ያልነካው። አራጌ ጫፉን በቢላ ሰንጥቆ ቢያየው መዳቡ አረንጓዴ ዱቄት ሆኗል። አንድ ክንድ ቆረጠ፤ ያው ነው። ሌላ ክንድ ቆረጠ፤ ያው ነው። የውጭ አልጋ የቤት ቀጋ! ገመድ ኮረንቲን እምቢ ካለው ኮረንቲ ሌላ መንገድ ይፈልጋል፤ ምሰሶ ላይ ደግሞ ቅርቡ መንገድ በድረዲን ነው።

የማኅበሩ ሞተር አላስፈራውም፤ የእሱ ቁልፍ በራሱ እጅ ነው። ያስፈራው የግራዝማች ነው። ግራዝማች ከሆቴሉ ወጥ ቤት ጀርባ በቤንዚን የምትሠራ ትንሽ ሞተር አለቻቸው። የከተማው ሞተር ሲጠፋ እሷን ያስነሱና ለሁለት መጠጥ ቤቶችና ለአንድ ፀጉር አስተካካይ መብራት ይሸጣሉ፤ በማን ሽቦ? በማኅበሩ ሽቦ! ሊቀ መንበሩ የሚመሩትን ማኅበር ይሰርቃሉ። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አያውቅም። ሁለቱ ሽቦዎች የሚገናኙት መኝታ ቤታቸው ውስጥ ነው፤ የበሩ ቁልፍም ከአንገታቸው አይወርድም። አራጌ «ለሐሙስ እንኳ ይለያዩልኝ» ብሎ ሲለምናቸው ዓይናቸውን አፍጥጠው «የእኔ ሞተር ከከተማው ሽቦ ጋር ምን አገናኘው?» አሉት። ለመሬት ገመድ የሚሆን ከአዲሱ ጥቅል ሽቦ ላይ ጥቂት ክንድ ልቁረጥ ሲላቸውም፣ መጠለያው የሚደርሰው በጭንቅ ነው፣ አንዲት ስንዝር አትነካም አሉ።

ስለዚህ አራጌ ቁጭ ብሎ ጻፈ። «የመሬት ገመዳችን ሳይለካ ዓመት አልፎታል። ሰው ምሰሶ ላይ ከመውጣቱ በፊት መለኪያው ካለው ክፍል ባለሙያ መጥቶ የመሬት ገመዱን ለክቶ እንዲያረጋግጥልን።» እንዲህ ያለውን ገመድ ኮረንቲ ሰድዶ የሚለካ መሣሪያ ደሴ አለ፤ ገመዱ ምን ያህል እንደሚያሳልፍ፣ ምን ያህል እምቢ እንደሚል መርፌው ይናገራል። ደሴ ቢላክ ኖሮ ቢያንስ የሚያውቅ ሰው ያነበው ነበር። ግራዝማች ግን መነጽራቸውን ጠረጉ፣ ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ። የለዩት ሦስት ቃል ነው፤ መሬት፣ ገመድ፣ ይለካ። «ገብቶኛል» አሉና መንገድ ተሻግረው ለመሬት ሹሙ ሰጡት።

ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ቀላድ ጣይ መጣ።

ካሳው ይባላል። በበቅሎ ነው የመጣው፤ መሬት የሚለካበትን ገመድ ሁለት ሰዎች ተሸክመውለታል። በመጠለያው በኩል ሲያልፍ ጥላ ሥር የተኮለኮለው ሕዝብ አየው። የራያ ገበሬ ዓይኑ ጨልሞ አጠገቡ የቆመውን ልጁን ባይለይ እንኳ ቀላድ ጣይን ይለያል። ጉምጉምታ ተነሣ። ሴቶች ማልቀስ ጀመሩ። አለሙ የሚባል የሮቢት ሰው፣ ከትናንት ወዲያ በቃሬዛ የገባ፣ ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣና ወደ መንገዱ መራመድ ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለው አራጌ ሮጦ ደርሶ።

«መሬቴን ሊለኩብኝ ነው። ሰው ከሌለበት ጠፍ ነው ብለው ይጽፉታል።»

«ተመለስ አባቴ፤ የሚለኩት መሬት አይደለም። ገመድ ነው።»

አለሙ ቆሞ ከላይ እስከ ታች አየው። «የኔስ መሬት ያለቀው በምን ሆነና?» አለ። «በገመድ አይደል?» ይህን ብሎ መንገዱን ቀጠለ። በሬ የለው፣ ዘር የለው፣ ሮቢት ለመድረስ ጉልበት የለው። አራጌ የቻለውን ያህል ጠራው፤ ሰውየው ዞሮም አላየው። አራጌ እንባው መጣና ንዴት ነው ብሎ ለራሱ ነገረው።

ካሳው ሞተር ቤት ሲደርስ ከበቅሎው ወርዶ ዙሪያውን ቃኘ።

«የታለ መሬቱ?»

«መሬት የለም» አለ አራጌ። «ገመድ ነው።»

«ገመድማ እኔም አለኝ።»

«ይሄ የኮረንቲ ገመድ ነው! ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርድ። ርዝመቱ አይደለም የሚለካው፤ ውስጡ ነው። ይሄ አንተን አይመለከትም፤ ወደ መጣህበት ተመለስ።»

ካሳው ደብዳቤውን አወጣ። የሹሙን ፊርማ አሳየው። «ለካ ተብያለሁ» አለ። «ታዝዤ መጥቼ ሳልለካ ብመለስ ምን እባላለሁ? ዘርጉት!»

ዘረጉት። ይህን አራጌ በዓይኑ ባያይ ኖሮ ሰው ቢነግረው አያምንም ነበር። ሁለት ጎልማሶች የበሰበሰ የመዳብ ገመድ ከዚህና ከዚያ ይዘው ወጠሩት፤ ቀላድ ጣዩም ገመድን በገመድ ለካ። አንዴ ለካና ተጠራጥሮ ደገመው። ከዚያ በቅሎው ኮርቻ ላይ ወረቀት ዘርግቶ ጻፈ፦ የመሬት ገመዱ ተለክቶ አሥራ አራት ክንድ ከስንዝር ሆኖ ተገኝቷል፤ ጉድለት የለበትም። ሁለቱን ጎልማሶች በምስክርነት አስፈርሞ ማኅተሙን እፍ እፍ ብሎ አሳረፈበት። አራጌ የቆረጠው ሁለት ክንድ እግራቸው ሥር ወድቆ ነበር።

«እግዚአብሔር ያሳይህ» አለው አራጌ።

«አሜን» አለ ካሳው፣ ተመርቆ መስሎት።

ወረቀቱ ግራዝማች እጅ ገባ። ከዚያ በኋላ ለአራጌ ሁሉ ነገር አበቃ። ረቡዕ ጠዋት ሄዶ ነገሩን እንደ ሕፃን አስረዳቸው፤ ርዝመት ሌላ፣ ጤና ሌላ መሆኑን። ግራዝማች አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው።

«ተለካ አልተለካ?»

«ርዝመቱ ነው የተለካው ጌታዬ።»

«ተለካ አልተለካ?»

አራጌ ትቷቸው ወጣ። ሆቴሉ ፊት ለፊት እህል ያመጣ የጭነት መኪና ቆሞ ነበር፤ ሾፌሩ እሸቴ የድሬዳዋ ትውውቁ ነው። አራጌ አንድ ዘዴ ያውቃል። አምፖል ማብራት ለማንም ገመድ አያቅተውም፤ አንዲት ክር ብትቀረው ያበራል። የጭነት መኪና ሞተር የሚያስነሣውን ሞተሪኖ ማዞር ግን የጤነኛ ገመድ ሥራ ነው፤ ሞተሪኖ ከባትሪ የሚስበው ኮረንቲ ብዙ ነው። እሸቴን አስፈቀደና የባትሪውን አንዱን ገመድ ፈትቶ በቦታው የመሬት ገመዱን አሠረበት። ሰው ተሰበሰበ። ግራዝማችም ወጥተው በረንዳው ላይ ቆሙ። በድረዲን መጥቶ አጠገቡ ቆመ።

«አስነሣው!» አለ አራጌ።

እሸቴ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ አለ። ደግሞ ቀጭ አለ። ሞተሪኖው ንቅንቅ አላለም፤ ከመቆንጠጫው ሥር ግን ጭስ ወጣ፣ ላስቲኩም ሸተተ።

«ባትሪው ደክሞ ነው» አሉ ግራዝማች ከበረንዳ።

እሸቴ ወርዶ የራሱን ገመድ መለሰና አስነሣው። መኪናው አጓርቶ ተነሣ፤ ሕዝቡ ሳቀ። በዚያ ዓመት ቆቦ ውስጥ ሰው ሲስቅ መስማት ብርቅ ነበር። አራጌ ወደ በረንዳው ቀና ብሎ ጠበቀ። አሁንስ ያፍራሉ ብሎ ነበር፤ ሰው ናቸው እኮ።

ግራዝማች ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ። «ይሄ ማኅተም አለው» አሉ። «የእናንተ ጭስ ማኅተም አለው? በድረዲን! ነገ ትወጣለህ ወይስ ስንዴውን ለሌላ ልስጠው?»

«እወጣለሁ ጌታዬ» አለ በድረዲን።

አራጌ ጎትቶ ከመኪናው ጀርባ ወሰደው። «አብደሃል? በዓይንህ አላየህም? ለአንድ ኩንታል ብለህ…»

«አንተ ብቻህን ነህ» አለው በድረዲን። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም። «ሕፃኑ ማልቀስ ትቷል አራጌ። ሲያለቅስ ደህና ነበር። ከትናንት ጀምሮ ዝም ብሏል።»

አራጌ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ነገር ብቻ አሰበ፤ በድረዲን ሽቦ ላይ ሳለ የግራዝማች ሞተር እንዳትነሣ ምን ላድርግ? ሲነጋ መላው መጣለት። ሳይቃጠል በቅጠል ነው፤ ካንዴላዋን መንቀል! ቤንዚኑን በብልጭታ የምትለኩሰው ካንዴላ ከሌለች ሞተር የብረት ክምር ነው።

ሐሙስ ማለዳ በሆቴሉ ጀርባ ገባ። ሞተሯን የሚያሰናዳላቸው እሱ ራሱ ስለሆነ የሚከለክለው የለም። ወጥ ቤቱ ውስጥ ጌጤ ለእንግዶቹ ሽንኩርት ትልጣለች። ጌጤ የሆቴሉ ወጥ ሠሪ ናት፤ እሱ ሞተሯን በፈታ ቁጥር አጠገቡ ቆማ ይሄ ምንድን ነው፣ ያኛውስ ምን ያደርጋል እያለች የምታደርቀው። ባለፈው ሰኔ አሮጌዋን ካንዴላ አውጥቶ አመድ ላይ ሲወረውራት እንኳ «ሞተች እንዴ?» ብላ ጠይቃው፣ «አዎ፤ ቅበሪያት» ብሏት ነበር።

«ጋሽ አራጌ፣ ዛሬ ደግሞ ምን ሆነች?» አለችው እጇን በመቀነቷ እየጠረገች።

«ሽንኩርትሽን ላጪ።»

ጌጤ ተመልሳ ቁጭ አለች። እሱ ካንዴላዋን ነቅሎ ኪሱ ከተተና በመጣበት ወጣ።

በድረዲን የሚወጣበት ምሰሶ ከሆቴሉ ስልሳ እርምጃ ያህል ይርቃል፤ ከከተማው የመጨረሻው ነው። አራጌ የከተማውን ሞተር አጥፍቶ፣ ለወጉ ያህል ያንን የተረገመ ገመድ በረጅም እንጨት ሽቦው ላይ አንጠልጥሎ፣ ታችኛውን ጫፍ ብረቱ ላይ ቆነጠጠ። በድረዲን ቀበቶውን አሠረ።

«መሬት ይዟል?» አለ፤ ልማድ ነው።

አራጌ እንደ ባላባት ሊል አፉን ከፈተና አቃተው። ካንዴላዋን ከኪሱ አውጥቶ አሳየው። «መሬትህ ይቺ ናት። እሷ እኔ ኪስ እስካለች ሞተራቸው አትነሣም።»

በድረዲን ሳቀ፤ ከሳቀ ሰንብቶ ነበር። «ሌላ ቢኖራቸውስ?»

«እነማን? እነዚህ? ካንዴላና ቃሪያ መቼ ለዩና!»

«ለጌጤስ ነግረሃታል?»

«ለወጥ ሠሪ ስለ ሞተር ምን ይነገራል! ውጣ፣ አብሽር።»

«ቢስሚላህ» አለና በድረዲን ወጣ።

ሥራው እስከ አራት ሰዓት ሊያልቅ ይችል ነበር። ግራዝማች ግን አሽከር ልከው አስቆሙት፤ እንግዶቹ ሲደርሱ ሰው ምሰሶ ላይ ይታይ፣ ሥራ ላይ መሆናችን ይታወቅ። ስለዚህ በድረዲን ባዶ ሆዱን ፀሐይ ላይ ተንጠልጥሎ እንግዳ ጠበቀ። መኪኖቹ የደረሱት ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ልብ በሉ፣ መብራት ሊያዩ በቀትር! ባለሥልጣኖቹ ወርደው አቧራቸውን አራገፉ፤ አንዱ ፈረንጅ ምሰሶው ሥር መጥቶ በድረዲንን ፎቶ አነሣው። በድረዲን እንደታዘዘው ሽቦውን ይዞ መሥራት ጀመረ። ግራዝማች ነጭ በነጭ ለብሰው እጅ ነሥተው እንግዶቹን ወደ ሆቴል አስገቡ። ሦስት መቶ እርምጃ ርቆ ሰው በረሃብ እያለቀ፣ እዚያ በግ ታርዷል፣ ቢራ ቀርቧል።

ቢራው ሞቆ ነበር፤ የከተማው ሞተር ከጠፋበት ሰዓት ጀምሮ ማቀዝቀዣው አልሠራም።

አራጌ ከምሰሶው ሥር ሆኖ የግራዝማችን ጩኸት ሲሰማ በሆዱ ሳቀ። ሞተሯ እንቢ ስትል፣ አሽከሩ ገመዷን ሲስብ፣ ግራዝማች ሲሳደቡ ታየው። ጩኹ፣ ጌታዬ፣ ጩኹ! ማኅተም ምቱባት! እንዲህ ደስ ካለው ስንት ጊዜው! ኪሱን ዳሰሰ፤ ካንዴላዋ አለች።

ከዚያ ሞተሯ ተነሣች።

መጀመሪያ ጆሮውን አላመነም። ቀጥሎ ያደረገው እሷኑ ማዳመጥ ነበር። ገመዱ ጤነኛ ቢሆን ኮረንቲው ሁሉ በእሱ ወደ መሬት ይነጉድና ያቺ ትንሽ ሞተር ትታነቅ ነበር፤ አንዴ አጉረምርማ ትጠፋ ነበር። ታነቂ! አለ አራጌ። በእመቤቴ፣ ታነቂ! ሞተሯ አልታነቀችም። ምንም እንዳልከበዳት፣ ለስለስ ብላ መሥራቷን ቀጠለች። ቀና ብሎ አየ። በድረዲን ሽቦውን እንደያዘ ነው። ሊናገር አፉ ተከፍቷል፤ ድምፅ ግን የለም። እጁ አልላቀቅ ብሏል።

አራጌ በተሰበረ ጉልበቱ ሮጠ። ስልሳ እርምጃ። በሆቴሉ ጀርባ ሲገባ ጌጤ ሞተሯ አጠገብ ቆማለች፤ እጇ ዘይት በዘይት፣ ፊቷ ፈክቷል።

«ጋሽ አራጌ! አስነሣኋት እኮ!» አለችው። «ካንዴላዋ ጠፍታ ነበር። ያቺን የጣልካትን አጽድቼ አስቀምጫት ነበርና…»

ገፍትሯት አልፎ ሽቦውን ከካንዴላዋ ላይ ነቀለው። ሞተሯ ጠፋች። ከውጭ የሰው ጩኸት ተሰማ።

በድረዲን የተቀበረው በዚያው ቀን ከአስር ሰዓት በፊት ነው። ለእሱ መሬት ተለካለት፤ ቀባሪዎቹ በሸምበቆ ለኩለት። እንግዶቹ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄዱ፤ መጠለያው መብራት ይኑረው አይኑረው የጠየቀ የለም። ከመሄዳቸው በፊት አንዱ ባለሥልጣን ሰውየው በምን ሞተ ብለው ሲጠይቁ ግራዝማች ወረቀቱን አውጥተው አሳዩ። ገመዱ ተለክቷል፣ ጉድለት የለበትም፣ ማኅተም አለው። ባለሥልጣኑ አይተው ራሳቸውን ነቀነቁ። ለራቢዓም ስንዴ ተላከላት፤ ግማሽ ኩንታል። የሽቦው ሥራ ስላላለቀ ነው ተባለ።

በሦስተኛው ቀን አራጌ በበድረዲን ደጅ ላይ ከለቀስተኛው ጋር ተቀምጦ ነበር። ከጎጆው ውስጥ የሕፃን ለቅሶ ይሰማል፤ ማልቀስ ጀምሯል። ጌጤ መጣች። ገብታ ራቢዓን ለማጽናናት አልደፈረችም፤ እሱ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ፊቷ በእንባ አብጧል።

«ጋሽ አራጌ» አለችው ቀስ ብላ። «ሌሊቱን ሙሉ ሳስበው አድራለሁ፤ አልገባኝም። ሰው ሽቦ ላይ አለ ብለኸኝ ቢሆን ሞተሯ ላይ ቁጭ እልባት ነበር እኮ። ግራዝማች ቢገድሉኝ አልነሣም ነበር። ለምን አልነገርከኝም?»

አራጌ ግራዝማችን ሊሰድብ ፈለገ። ካሳውን፣ ሹሙን፣ እንግዶቹን ሊሰድብ ፈለገ። ለእነሱ የሚሆን ስድብ ሞልቶታል፤ ከምላሱ ግን አንዱም አልወርድ አለ። ካንዴላዋ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነበረች፤ ሦስት ቀን ሙሉ አውጥቶ መጣል አልቻለም።

«ወጥ ሠሪ ናት ብዬ ነው» አላት።

ጌጤ ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች።